ያልተናገረችው ቋንቋ

ኢሪኔያ በዋይላፓምፓ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና በተመደበች በሦስተኛው ቀን የማዋለጃውን ክፍል ከፈተች። የብረቱ አልጋ ከፋብሪካ የመጣበት ፕላስቲክ እንኳ በወጉ አልተገፈፈለትም። ፕላስቲኩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

«እዚህ የምትወልድ የለችም እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

ዶክተር አራንዳ ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣች፣ የተራራውን ብርድ ያልለመደች፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትውል ሴት ናት። «በዓመት ቢበዛ አራት» አለቻት። «የቀሩት ቤታቸው ነው የሚወልዱት። ባለፈው ዓመት ሁለት እናቶች ቀበርን። ለምን አትመጡም ስላቸው ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እነሱ ስፓኒሽ አይሰሙ፣ እኔ የደጋውን ሰው ቋንቋ፣ ኬቹዋን፣ አልሰማ።»

ኢሪኔያ የገበያ ቀን ጠብቃ ወጣች። ድንች ከሚሸጡት ሴቶች መሀል ቁጢጥ ብላ በኬቹዋ ጠየቀቻቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ የሌላዋን አፍ እየነጠቀች ተንጫጩ።

«ልብሳችሁን አውልቁ ይላሉ! በዚህ ብርድ!»

«እንደሚሸለት በግ በጀርባሽ ያንጋልሉሻል። ተንጋሎ ማን ይወልዳል? እኛ ገመድ ጨብጠን ተንበርክከን ነው የምንወልደው።»

«እኔማ እናቴን ደጅ አስቀሩብኝ» አለች ሦስተኛዋ፣ ቀስ ብላ። «ሲያመኝ ብጮህ ተቆጡኝ። ምን እንዳሉኝ አላወቅሁም፤ ቁጣ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።»

ኢሪኔያ የሰማችውን ሁሉ ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተሯ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ «ታዲያ እነሱ በሚወልዱበት መንገድ እናዋልዳቸዋ!» አለች። «ክፍሉን በጣውላ እናልብሰው፤ ምድጃ ይግባበት። ዝቅ ያለ ሰፊ አልጋ፣ አጎዛ፣ ከወራጁ ላይ ገመድ። የሚጨብጡት አግዳሚም ይሠራ። አናጢ ብቻ ፈልጊልኝ።»

አናጢ በዋይላፓምፓ አንድ ነበር። ኢሪኔያ ስለ እሱ የጠየቀችው ሰው ሁሉ ግን ራሱን ይነቀንቃል። «ቴዎፊሎ? እሱ የጤና ጣቢያውን አጥር እንኳ አይነካም» ይሏታል።

ከአናጢው ጋር ያገናኛት በረዶ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አራስ ጠይቃ ስትመለስ ድንገት ወረደባት፤ እሷም ሮጣ ያገኘችው ጣሪያ ሥር ገባች። ውስጡ አዲስ የተላገ ባሕር ዛፍ ይሸታል። አንድ እጅጌውን የሰበሰበ ወጣት ሳንቃ ይልጋል።

«ይግቡ ሲስተር፣ ይግቡ። በረዶው ነጭ ለባሽ አይመርጥም» አላት፣ ቀና ሳይል።

በኬቹዋ አመሰገነችው። ይኼኔ ቀና አለ።

«ኬቹዋ የምትናገር ነርስ ገና ዛሬ አየሁ! ግን ቃሉን እንደ ተውሶ ዕቃ እየተጠነቀቁ ነው የሚያወጡት።»

«ተውሶ አይደለም፤ የእናቴ ነው።»

«እንግዲያው ይልቀቁት፤ አይሰበርም።»

ሳታስበው ሳቀች። እሱ አግዳሚ ወንበሩን ከሰጋቱራ ጠራርጎ አስቀመጣትና ከድስት የበቆሎ ቆሎ ዘግኖ በመዳፏ አደረገላት። ጣቶቹ ሻካራ ነበሩ፤ ዐይኖቹ ግን የሚቀልድ ሰው ዐይኖች ናቸው። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ስላልተቻለ ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዴ ሲተያዩ ሁለቱም ቶሎ ወደ በረዶው ዞሩ።

ጋብ ሲል ስለ ክፍሉ ነገረችው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው መላጊያውን አስቀመጠ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ» አላት። «እህት ነበረችኝ፤ ማርሴሊና። የዛሬ አምስት ዓመት ከተማው ሆስፒታል ወሰድናት። ሰዓታት ሙሉ ስትናገር ከደጅ እንሰማለን፤ ቃሉ ግን አይለይም። እኔም እናቴም ግቡ ያለን የለም። የምትለው የገባው ሰው ሲገኝ ጊዜው አልፎ ነበር። አረንጓዴ ሻሏን አጣጥፈው ሰጡን።»

ኢሪኔያ ያልበላችውን ቆሎ ቀስ ብላ ኪሷ ከተተችው። «በየትኛው ወር ነበር?» አለች።

«መስከረም። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አለችና በረዶው ሳያባራ ወጣች።

አረንጓዴውን ሻል ታውቀዋለች። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ለልምምድ እዚያው ሆስፒታል። ለክፍል ጓደኞቿ የከተማ ልጅ ነኝ ብላቸዋለች፤ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ላይ፣ አነጋገሯን እየቀዱ ሲስቁባት አይታ ነበርና። የዚያን ቀን ሐኪሙ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ኬቹዋ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ኢሪኔያ ወለሉን አየች። ሴትየዋ የምትለውን ቃል በቃል እየሰማች ዝም አለች። ከምድር ቤት አንዲት የፅዳት ሠራተኛ እስክትጠራ ድረስ የማርሴሊና ዐይን ጠፍቶ፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

ስትመረቅ ማንም የማይፈልገውን የደጋውን ምድብ ራሷ ጠይቃ የመጣችው ለዚህ ነው። ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ቴዎፊሎ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ደፉን እስኪሻገር ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አላት። «"ያንተ እህት ሞታለች፤ የሰው እህት ግን ገና ልትወልድ ነው" አለችኝ። ከእማማ ሳቢና ጋር አይከራከሩም፤ ምሳ ትከለክላለች።»

ሰባት ሳምንት ሠራ። ጣውላውን አለበሰ፣ አልጋውን ዝቅ አድርጎ ሠራ፣ ገመዱን ራሱ ተንጠልጥሎ ፈተነው። ምሳ ሰዓት ላይ ንፍሮና ድንች ይዞ ይመጣል፤ እሷ ትንሽ አይብ ትጨምርበታለች። በምን ቀን «እርስዎ»ን ትቶ «አንቺ» እንዳላት ሁለቱም አያስታውሱም።

አንድ ቀን አግዳሚው የሚሰቀልበትን ቁመት ለመለካት «ነይ ጨብጪው» አላት። እጆቿን ዘረጋች። ከኋላዋ ቆሞ እንጨቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

«እዚህ?»

«ትንሽ ዝቅ።»

«እዚህስ?»

ትንፋሹ አንገቷ ሥር ነበር። እሱም ምልክቱን ሳያደርግ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። ከግድግዳው ባሻገር ዶክተር አራንዳ ስታስነጥስ ሁለቱም ደንግጠው ተራራቁ።

«ዝቅ ነው ያልሽው» አለ ምልክቱን እያደረገ።

«አዎ። ዝቅ።»

ክፍሉ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ቴዎፊሎ ቆመ። «እናቴ እሑድ ምሳ ትምጣልኝ ብላለች» አላት። «ምን ልትጠይቅሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ቀድሜ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር።»

ኢሪኔያ እንባዋ መጣ። እሱ የደስታ መስሎት እጇን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ አለች።

«ሳልነግርህ እናትህ ማዕድ ላይ አልቀርብም» አለች። ከዚያ ነገረችው፤ ሐኪሙ የጠየቀውን፣ ወለሉን፣ ዝምታዋን። አንዱንም አላቀለለችም።

ቴዎፊሎ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

«ሰባት ሳምንት ሙሉ» አለ። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለ እሷ ሳወራልሽ ትሰሚኝ ነበር።»

«ቴዎ...»

«ይቅርታ ሲስተር፤ የቀረውን ሥራ ጨርሼ ቁልፉን ለዶክተሯ አስረክባለሁ። እርስዎ አይጠብቁኝ።»

ከጥፊ ይልቅ ያቺ «እርስዎ» አመመቻት። ሥራውን በሁለት ቀን ጨርሶ ከሸለቆው ማዶ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሄደ።

ኢሪኔያ የዝውውር ደብዳቤ ጻፈች። ዶክተር አራንዳ ምክንያቱን ሁሉ ከሰማች በኋላ ደብዳቤውን መለሰችላት። «መሄድሽ የሚጠቅመው ማንን ነው? ሴቶቹን ነው ወይስ እፍረትሽን?» አለቻት። «ጥፋትሽን አላሳንስም። ግን እዚህ የሚሰማቸው ሰው አንቺ ነሽ።»

ሁስቲና የምትባል ነፍሰ ጡር ከእናቷ ጋር የመጣችው በዚያው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ምጥ አልያዛትም። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ ዐይኔ ላይ ትንኝ የሚበር ይመስለኛል» አለች። ኢሪኔያ ቀጥ ብላ ቆመች። እነዚህን ቃላት ከማርሴሊና አፍ ሰምታቸዋለች። የደም ግፊቷ አስፈሪ ነበር። ዶክተሯ ሰውነቷ እንዳይንቀጠቀጥ የማግኒዥየም መርፌ ሰጥታት ሲያበቃ በጤና ጣቢያው ፒካፕ የአራት ሰዓት መንገድ ቁልቁል ወደ ሆስፒታሉ ወሰዷት፤ ኢሪኔያ እጇን ይዛ ከኋላ፣ እናቷም አብራ።

ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው። አንድ ወጣት ሐኪም አልጋውን እየገፋ «አስታማሚዎች ደጅ!» አለ።

«አስታማሚ አይደለሁም፤ አዋላጇ ነኝ። የእሷን ቋንቋም የምናገረው እኔ ነኝ» አለች ኢሪኔያ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ራሷን ያማታል፣ ዐይኗ ይጋረዳል፣ ከጎድኗ ሥር ይወጋታል። ከጠዋት ጀምሮ ነው። ማግኒዥየም ወስዳለች፤ ሰዓቱ ይኸው እዚህ ተጽፏል። እናቷም አብራን ትገባለች።» ወደ ሁስቲና ዞራም በኬቹዋ የተባባሉትን ሁሉ አስረዳቻት። የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ነገር ከመደረጉ በፊት ነገረቻት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ ሴትየዋን አየ፤ «ቶሎ! ወደ ቀዶ ጥገና!» አለ።

ሁስቲና ተረፈች። ሴት ልጇም ተረፈች።

ኢሪኔያ ግን በዚያው ወደ ቤቷ አልሄደችም። የሆስፒታሉን ኃላፊ ቢሮ አንኳኩታ ገባች፤ የዛሬ አምስት ዓመት ምን እንዳደረገች በራሷ አፍ ተናገረች። በየፈረቃው ኬቹዋ ተናጋሪ ሠራተኛ በስም እንዲመደብ ጠየቀች። ኃላፊው እናያለን አላት። በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች «አያችሁት?» ትለው ጀመር፤ ዶክተር አራንዳ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የዋይላፓምፓ ሴቶች በጣት አሻራቸው ይፈርማሉ። በአራተኛው ወር የፈረቃው ዝርዝር በር ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ስም የዚያች የፅዳት ሠራተኛ ነበር፤ አሁን በአስተርጓሚነት ደመወዝ።

ቴዎፊሎ ወሬውን የሰማው ከሁስቲና ባል ነው። አንድ ከሰዓት መጥቶ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኢሪኔያ ወጥታ አየችውና በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አላት። ከሳ ብሏል። «ስንት ጊዜ እንደተናደድኩብሽ አልነግርሽም። ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ማርሴሊና ያለችውን ከዚያ ክፍል ውስጥ የሰማ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ። ምን አለች?»

ኢሪኔያ ጎኑ ተቀመጠች። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልጠፋትም ነበር።

«እናቴ ደጅ ናት፤ አስገቡልኝ አለች። ደጋግማ። ከዚያ፣ ብርድ ይመታታል፣ ቢያንስ ወንበር ስጧት አለች። ያንተንም ስም ጠራች። ቴዎ አምርሮ ሊያለቅስ ነው፣ ሞኝ ነው አለች።»

ቴዎፊሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ኢሪኔያ ልትነካው ፈራች። ቆይቶ ተነሣና «ነይ» አላት። «ይህን ለእናቴ አንቺው ንገሪያት።»

እማማ ሳቢና ግቢያቸው ውስጥ ድንች ይመርጡ ነበር። ኢሪኔያ ፊታቸው ተንበርክካ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። አሮጊቷ ድንቹን እንደያዙ ሰሟት።

«ጠራችኝ?» አሉ።

«ጠራችዎት እንጂ፤ እስከ መጨረሻው።»

«እኔ እኮ ደጅ የቀረሁት ፈርቼ መስሏት ሞተች እያልኩ ነው የኖርኩት።» ዐይናቸውን በጨርቃቸው ጠረጉ። «ክፉ ሠርተሻል፣ ልጄ። ያኔ አፍሽን ብትከፍቺ ኖሮ ምናልባት ዛሬ እዚህ ድንች ትመርጥልኝ ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን መጥተሽ ነገርሽኝ፤ ከአንቺ በቀር ማንም አልነገረኝም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ እህል የቀመሰች አትመስልም፤ ሾርባውን አሙቅ!»

እሱ ሾርባውን ሲያቀርብላት «ብዪ እንጂ፣ አንቺ» አላት። ኢሪኔያ ማንኪያውን ይዛ አለቀሰች።

የተጋቡት ከድንች አጨዳ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ቫዮሊኑ ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሳይጨርስ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ፣ እናቷና ባሏ ደግፈዋት ብቅ አሉ። ሙሽራዋ ባለጥልፉን ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። ሙሽራው ለምድጃው ማገዶ ተሸክሞ ተከተላት። ሠርገኛውም እዚያው ባዶ ዳስ ውስጥ ምን ይሠራል፤ የበቆሎ ጠላውን ጋን ተሸክሞ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። ዶክተር አራንዳ ወጥታ «ኧረ ዝም በሉ!» ብትል ከውስጥ ምጥ የያዛት ሴት «ይጫወቱ! ዝም ሲሉ ሕመሙ ይሰማኛል» ብላ ጮኸች። ኢሪኔያ ተረጎመችላት። ዶክተሯ ሳቀች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃኑ ተወለደ። ኢሪኔያ ወጥታ ደረጃው ላይ ቴዎፊሎ አጠገብ ዘፍ አለች።

«በሠርግሽ ቀን እንኳ አታርፊም?»

«ነገ አርፋለሁ።»

«ነገስ ማን ናት?»

«ነገ ማንም የለችም። ማክሰኞ ግን ሁለት አሉ፤ ከታች መንደር ደግሞ አንዲት እየመጣች ነው፣ ካልቸኮለች ረቡዕ ናት።»

ቴዎፊሎ ራሱን ይዞ ሳቀ። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ከኋላቸው ሕፃኑ አለቀሰ፤ ሁለት አያቶች በአንድ ጊዜ በኬቹዋ ሲያባብሉት ተሰማ።