የአሮጊቶቹ በረት

የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረቱ ውስጥ አንድም ላም የለም።

ባለከብቱ ከኮረብታው ማዶ የኩሬውን በረዶ ሰብሮ ሲመለስ ያየው ይህንን ነበር። ጮኸ፣ ጎረቤት ጠራ፣ ፖሊስ አስጠራ። መርማሪዋ ስትደርስ ጩኸቱ ወደ ቁጣ ተለውጦ፣ ቁጣውም የሚያርፍበት ሰው አግኝቶ ነበር። ከቤቱ ተጠርቶ የመጣው የሌሊት ዘበኛ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ ይንቀጠቀጣል።

«እሱ ነው!» አለ ባለከብቱ። «ሌሊት የሚጠብቀው እሱ፣ ላሞቹ የጠፉት ሌሊት። ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ውሰጅልኝ!»

«ጋሼ፣ በልጆቼ እምላለሁ...»

«ዝም በል፣ ሌባ!»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው። ለዘበኛው አዝና አይደለም፤ አንድ ነገር ከንክኗት ነው። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከናት እህል አይበላላትም።

ሁለት በረቶች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው ውስጥ ሆዳቸው የገፋ እርጉዝ ላሞች እንደ ልባቸው ያመነዥጋሉ። ባዶው በረት የአሮጊቶቹ ነበር። ሁለቱም የሚወጡት በአንድ የኋላ በር ነው። እና ሌባው የሰቡትን ትቶ አጥንት ብቻ የቀሩትን ነዳ። የትኛው ሌባ ነው ገበያ ገብቶ የተበላሸውን መርጦ የሚሰርቅ?

«ለምን ለያዩዋቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ዝናቡ ቀረ፣ ሣሩ አለቀ፣ በላዩ ላይ ብርዱ ገባ» አለ ባለከብቱ። «ደካሞቹን ከጠንካሮቹ ጋር ብተዋቸው በቀንድ እየተገፉ መኖ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ጥርሳቸውም አልቋል። ለብቻቸው ካልበሉ አይከርሙም።»

«አይወልዱም?»

«ድሮ ቀረ።»

«ታዲያ አይሸጧቸውም?»

የሰውዬው ፊት ተቀያየረ። «የእናቴ ላም ዘሮች ናቸው። እነሱን ለቢላ አልሰጥም! ዘንድሮ ስንቱ መከረኝ፤ ማንንም አልሰማሁም።»

ሚስቱ ባልዲ ይዛ በአጠገባቸው አለፈች።

መርማሪዋ ባዶው በረት ውስጥ ገባች። መሬቱ በአመዳይ ነጭ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም ግን ላም ላም የሚያክሉ ጥቋቁር ቦታዎች አሉ። ወደ እርጉዞቹ በረት አንገቷን አሰገገች። እዚያም እንዲሁ። አንዲት ላም ከተኛችበት ስትነሳ ከሥሯ ያለው መሬት ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ታየ።

«አመዳዩ መቼ ነው የሚወርደው?» አለችው ዘበኛውን።

«ሊነጋጋ ሲል ነው፣ እመቤቴ።»

«አንተስ መቼ ወጣህ?»

«ጎህ ሲቀድ። ጋሼ ራሳቸው የፊቱን በር ከፍተው ሸኙኝ።»

«ስለዚህ አመዳዩ ሲወርድ ላሞቹ እዚሁ ተኝተው ነበር። የጠፉት ሌሊት አይደለም» አለች መርማሪዋ። «የጠፉት ከነጋ በኋላ ነው።»

ባለከብቱ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ሸኝቼዋለሁ። እኔ ኩሬ ስወርድ በኋላ በር ዞሮ ቢመለስስ?»

ይህም አይሆንም አይባልም። ዘበኛው እንደገና አንገቱን ደፋ።

ከኋላው በር ውጭ የከባድ መኪና ጎማ መሬቱን አርሶታል። በአካባቢው እንዲህ ያለ መኪና ያለው የከብት ነጋዴው ብቻ ነው። ፖሊሱ ሄዶ ይዞት መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከብት በዓይኑ የሚመዝን ሰው ነው፤ መርማሪዋንም ከላይ እስከ ታች ሲያያት ኪሎዋን የሚገምት መሰላት።

«ዛሬ ጠዋት መኪናህ የት ነበር?»

«መንገድ ላይ።»

«የትኛው መንገድ?»

«መኪና የሚሄድበት።»

«ቀልዱን ተወው። ከዚህ ሰውዬ ላሞቹን ገዝተሃል?» ወደ ዘበኛው ጠቆመች።

«እኔ? ከዘበኛ? እኔ የምገዛው ከባለንብረት ነው!»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። ሰውዬው ሳያስበው አልገዛሁም ማለቱን ዘሎታል። ባለከብቱ አልሸጠም። ታዲያ የዚህ ቤት ሌላው ባለንብረት ማነው?

ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እማማ፣ መኖ የሚሰጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬም?»

«እንደ ሁልጊዜው። እሱ ሲጮህ ለሁሉም ሰጥቼ ጨርሼ ነበር።»

«ለአሮጊቶቹም?»

«ለእነሱማ መጀመሪያ ነው የማደርሰው። ጥርስ የላቸውም፣ ድርቆሹን ከትፌ በሙቅ ውሃ አርሼ ነው የማበላቸው።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወደ ባዶው በረት ገባች፤ ጓንቷን አውልቃ የመኖ ገንዳውን ወለል በእጇ ዳበሰች። ደረቅ ነው። በዚህ ብርድ ውሃ የነካው ነገር ሁሉ በረዶ ይይዛል፤ እዚህ ግን አንዲት የበረዶ ቅንጣት፣ አንዲት የድርቆሽ ጭራሮ የለችም።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ገንዳው ደረቅ ነው።»

ሴትዮዋ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ደክሟት ነበር መሰል አልሞከረችም።

«ለሌለች ላም ድርቆሽ እንዴት እከትፋለሁ?» አለች። «ለማስመሰል ብዬ አንድ እፍኝ ልጥል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ ድርቅ!»

ባለከብቱ ወደ ሚስቱ ተራመደ። «አንቺ ነሽ?»

«ባልዲ እያንኳኳሁ ስሄድ ተከተሉኝ። አንድም ሳትጮህ መኪናው ላይ ወጡ።» ወደ ባሏ ዞረች። «ስንቴ ነገርኩህ! ስንቴ ለመንኩህ! ድርቆሹ ሁሉንም አያደርስም አልኩህ። አንተ መምረጥ አቃተህ። ቁጭ ብለህ ሁሉም ሲያልቁ ልታይ ነበር። እኔ መረጥኩ። በድርቆሽ ለወጥኳቸው።»

«ድርቆሹ መኪናዬ ላይ ተጭኗል» አለ ነጋዴው፣ አሁን ሳይስቅ። «ማታ ላመጣው ነበር።»

«ላሞቹስ?» አለች መርማሪዋ።

«ግቢዬ ናቸው። አልተነኩም።»

መርማሪዋ ወደ ባለከብቱ ዞረች። «ንብረቱ የሁለታችሁ ነው። ይመለሱ ካሉ ይመለሳሉ። ድርቆሹም ለነጋዴው ይቀራል። እርስዎ ይወስኑ።»

ሰውዬው አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከወዲያ በኩል አንዲት እርጉዝ ላም ጎኗን ሰጥታዋለች፤ ከቆዳዋ ሥር ጥጃው ሲገላበጥ በዓይን ይታያል። እጁን አሳልፎ ጎኗ ላይ አሳረፈ። ሲያለቅስ ማንንም አላፈረም።

«መኪናውን ከነድርቆሹ አስገባ» አለው ነጋዴውን በመጨረሻ።

ድርቆሹ መጣ። ባለከብቱ ራሱ አንዱን እስር ሊያወርድ ቢታገል ከበደው። «ና እስቲ ያዝልኝ» አለው ዘበኛውን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ዘበኛው ንቅንቅ አላለም። «ሌባ ብለውኛል፣ ጋሼ። በሰው ፊት።»

ባለከብቱ ባርኔጣውን አወለቀ። ጎረቤቱ፣ ነጋዴው፣ ፖሊሱ ሁሉ ያያሉ። «ሌባ አይደለህም። ስምህን አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አለ ዘበኛው። ሄዶም በሌላው ጫፍ እስሩን ያዘ። ሚስትየዋ የተበተነውን ድርቆሽ ለመልቀም ጎንበስ ስትል ግን ቀና ብሎ አያት።

«እሳቸውስ ሳያውቁ ነው የተናገሩት፣ እትዬ» አለ። «እርስዎ ግን ካቴናውን ሲያወጣ እዚህ ነበሩ። ያውቁም ነበር።»

መርማሪዋም መልሱን ለመስማት ጆሮዋን ጣለች። ለሁሉ ነገር ምክንያት የነበራት ሴት ድርቆሹን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች።