ያገለገለ ላፕቶፕ

ጠጋኙ የመጨረሻዋን ብሎን ፈትቶ የላፕቶፑን የታች ክዳን አነሳና ልጅቷን «ነይ እዪው» አላት። «ያ መጀመሪያ ያሳየሁሽ ላፕቶፕ ራሙ፣ ሜሞሪው ማለቴ ነው፣ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ምንም አይጨመርበትም። ይሄኛው ግን ይኸው፣ አንዱ ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ራም እንሰካበታለን፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ፈጣን በሆነው በኤስኤስዲ እንቀይረዋለን። ከዚያ በኋላ ጥይት ነው!»

«የተቀዳ ድምፅ መቁረጥና ማቀናበር ይችላል? ፕሮግራሙ ከባድ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ሁሌ ይደርቅብኛል።»

«ይችላል ስልሽ! ባትሪው ብቻ ትንሽ ደክሟል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ ፕሮግራም እንድታቀናብር ተመርጣለች፤ የራሷ ኮምፒውተር ካላት ብቻ። ክረምቱን ሙሉ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ በክፍያ አስጠንታለች። ልብስ ሰፊ የሆነችው እናቷ የጎደለውን ገንዘብ ሞልታላታለች።

ጠጋኙ ክዳኑን መልሶ ላፕቶፑን ገለበጠው። ያን ጊዜ ነው ያየችው። ማዕዘኑ ላይ ጥፍር የምታህል የቀለጠች ቦታ ነበረች። እናቷ የደንበኛ ቀሚስ ስትተኩስ ሳታስበው ካውያውን ያስነካችበት ቦታ። የታላቅ እህቷ ላፕቶፕ ነው። እህቷ በየማለዳው በቦርሳ ይዛው ኮሌጅ የምትሄደው ላፕቶፕ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የሸጠልዎት?»

«አንዲት ልጅ ናት። ረዘም ያለች፣ መነፅር የምታደርግ። ሦስት ወር ሆኖታል። ‘ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ አያስፈልገኝም’ አለች። ምነው? የተሰረቀ እንዳይመስልሽ፣ መታወቂያዋን አይቻለሁ።»

«አይ፣ እንዲያው ነው።» እህቷ ትምህርቷን ለመጨረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። «እስከ ቅዳሜ ያቆዩልኝ» ብላ ወጣች።

እህቷ ወደ ማታ ቦርሳዋን አዝላ ገባች። እናታቸው የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። «መጣሽ የኔ መሐንዲስ? ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው እማዬ። ደክሞኛል።»

ሱሪ ልታሳጥር የመጣች አንዲት ሴትዮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ወደ እሷ ዞራ «ይቺ ናት ያልኩሽ» አለች፣ ድምፅዋ ሞቅ ብሎ። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀራት!»

ልጅቷ እህቷን ተከትላ መኝታ ክፍል ገባች። አልጋው ላይ የተወረወረውን ቦርሳ ዚፕ ከፈተች። ውስጡ ሁለት አሮጌ ደብተሮችና አንድ ትንሽ ትራስ ነበሩ። ቦርሳውን የነፋው ትራሱ ነው።

«አንቺ ሬዲዮ! ቦርሳዬን ምን ትነካኪያለሽ?» ስለምትለፈልፍ ነው እህቷ ሬዲዮ የምትላት።

«ላፕቶፕሽን ጠጋኙ ጋ አየሁት።»

እህቷ በሩን ዘጋች። መነፅሯን አውልቃ ረጅም ጊዜ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው።

«ተባረርኩ» አለች በመጨረሻ። «ዓምና በሁለት ትምህርት ወደቅኩ። ዘንድሮ ደግሞ በቃሽ አሉኝ።»

«ታዲያ በየቀኑ የት ነው የምትሄጂው?»

«ቤተ መጻሕፍት። እዚያ ሲሰለቸኝ አውቶቡስ ላይ እወጣለሁ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄድና ተመልሼ እመጣለሁ።» ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ሹፌሩ ሠራተኛ መስየው ‘ዛሬም ሥራ በዛ?’ ይለኛል።»

«ለእማዬ ንገሪያት።»

«ምን ብዬ? አንቺ ምን አለብሽ! በየደንበኛው ፊት ስምሽን አትጠራም። አንቺ ብትወድቂ ማንም አይደነግጥም።»

እህቷ የተናገረችው በንዴት ቢሆንም እውነት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከበሩ ማዶ የስፌት መኪናው እንደገና ተነሳ።

«ሌላ ላፕቶፕ ግዢ» አለች እህቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በእናትሽ። ያንን ይዘሽ ከገባሽ እማዬ ታውቀዋለች።»

«እዚያ ያለው ሌላኛው አይረባም። ራም አይጨመርበትም።»

«እኔ እዚህ እየሞትኩ አንቺ ስለ ራም ታወሪኛለሽ?»

«እስከ ቅዳሜ ንገሪያት» አለች ልጅቷ። እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ አልፎ ዓርብ መጣ። ዓርብ ራት ላይ እህቷ ስለ አንድ አስተማሪ አወራች፤ መነፅሩ ግንባሩ ላይ እያለ ክፍሉን ሙሉ ሲያስስ ዋለ አለች። እናታቸው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጅቷ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው። አስተማሪው የለም፣ ክፍሉም የለም፣ ቀልዱ ግን ያስቃል።

ቅዳሜ ማለዳ እህቷ «የቡድን ሥራ አለን» ብላ ወጣች። ስትወጣ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ አላየችም።

ጠጋኙ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀመጠላት። «እህስ፣ ወሰንሽ?»

የመጀመሪያውን በእጇ ዳሰሰችው። ይሄን ብትወስድ ቤታቸው ሰላም ይውላል። ግን የድምፁን ፕሮግራም ስለማይችል የሬዲዮውን ሥራ ሌላ ልጅ ይወስደዋል። እናቷም አንገቷን ደፍታ ሁለት ዓመት ትሰፋለች፤ ለማይመጣ ምረቃ።

«ይሄኛው ይሁን» አለች የእህቷን እያሳየች። «ራሙ ይጨመር፣ ዲስኩም ይቀየር።»

ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ የድሮውን ሃርድ ዲስክ አነሳ። «የሸጠችልኝ ልጅ ሁሉንም አጥፋው ብላኝ ነበር፤ ሳልደርስበት ቀረሁ። ልጣለው?»

«አይ፣ ለኔ ይስጡኝ።» ለእህቷ ልትመልሰው ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ ትቆርጣለች። ላፕቶፑን ከሩቅ አወቀችው።

«እንዴ! አዋሰችሽ?» አለች ፊቷ በርቶ። «አየሽ፣ ትቆጣሻለች እንጂ ትወድሻለች። እሷስ የት አለች?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። እናቷ አሁንም ፈገግ እንዳለች መልስ ትጠብቃለች። ልጅቷ ላፕቶፑን ጨርቁ ላይ አኖረችና መቀሱን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች።

«ተቀመጪ እማዬ» አለቻት።