ሃዋ ያልሄደችበት ጉዞ

እኔ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ፣ ምክንያት የሌለው ነገር የለም እያልኩ የማስተምር ሰው፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ወንበሬን ትቼ እሄድ ነበር፣ ስለዚህ ማመን ፈልጌ የምነግርህ እንዳይመስልህ።

ተማሪዎቼ ያ በየስልኩ የሚታየው የጠንቋይ ንጉሥ ፊልም የተቀረጸበትን ቦታ ካላየን ብለው ሲነዘንዙኝ፣ ሚኒባስ ተኮናትረን ከአሶሳ በሆሞሻ መንገድ ወጣን። መንገዱ አጥንት ያላቅቃል፣ ስንደርስ ገና ሳልጀምር ደክሞኝ ነበር። ለፊልሙ የተሠራው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ ድንጋይ የሚመስለው ቺፕውድ ላይ የተቀባ ጄሶ ነው፣ ከበሩ ጀርባ ሣርና የባሕር ዛፍ ድጋፍ እንጂ ምንም የለም፣ ይህንንም ለልጆቹ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እያስረዳሁ ከግድግዳው ጀርባ ደረቅ ሣር ሲረገጥ ሰማሁ። ፍየል ነው አልኩ፣ ዞሬ ሳይ ግን ፍየል የለም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሚኒባሱ በር ላይ ሰብስቤ ስም መጥራት ጀመርኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ የተጓዦቹን ዝርዝር ረስቼ የያዝኩት የመላው ክፍል የስም መጥሪያ ነበር፣ ከድካሙም የተነሳ አላስተዋልኩም።

«ሃዋ!»

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከቤተ መንግሥቱ በር ጀርባ መጣ።

«ንጉሡ ዙፋኑን ለቆላት ይሆናል፣ አሁን ማን ያስነሳታል!» አለ ሾፌራችን ገመቹ። ከልጆቹ ግን አንድም አልሳቀም።

«ሃዋ! ነይ እንጂ!»

«አቤት፣ ቲቸር!»

የክፍል አለቃዋ ራህማ እጅጌዬን ያዘች። «ቲቸር፣ ሃዋ እኮ ወባ ይዟት ቤቷ ናት። እርስዎ ራስዎ ነዎት የፈቀዱላት።»

ሮጬ ገባሁ። ሣርና አጣና። የገደል ማሚቶ ነው እንዳልል፣ የገደል ማሚቶ የሚመልስልህ ያልከውን ነው፤ እኔ «ሃዋ» አልኩ እንጂ «አቤት» አላልኩም፣ እመነኝ።

የቦታው ጥበቃ አባ ሐሚድ፣ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ኡስታዝ፣ የሌለ ሰው ስም እዚህ ለምን ጠራህ?»

«በስህተት ነው አባ።»

«እሱ፣ እዚህ የሚኖረው፣ ስህተት አያውቅም። አሁን የዚያችን ልጅ ስም ይዟል። ወላሂ፣ ሁለተኛ አትጥራ።»

አሶሳ እንደገባን በቀጥታ ሃዋ ቤት ሄድኩ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። ተመስገን አልኩ።

ሰኞ ድና መጣች። የልጆቹን ፍርሃት ልስበር ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር የራሴንም፣ ስሟን ጠራሁ። «አቤት» አለች ከሦስተኛው ዴስክ። ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ፣ «አቤት፣ ቲቸር»። ራህማ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲህ ሃዋን በዓይኔ ብቻ አይቼ ምልክት አደርጋለሁ። ትናንት ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ? ክፍል ውስጥ ስሜን ይዘሉኛል፣ ሲመሽ ግን ደጃችን መጥተው ይጠሩኛል።»

ታማ ሄጄ ካየኋት ቀን በኋላ በእነሱ ሰፈር አልፌ አላውቅም።

«ሃዋ፣ አቤት እንዳትይ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።