ከደመላሽ ገዛ

የነጋዴው የጀላሉ ኮርቻ ጠፋ። በብር ያጌጠው፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ኮርቻ። ማለዳ ሱቁን ሲከፍት ቦታው ባዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በውቅሮ መንገድ ተገኘ፤ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በተሸካሚው በወልደጊዮርጊስ ትከሻ ላይ።

የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ረታ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ የመጣ ነው። ትግርኛ አይሰማም። የወልደጊዮርጊስ አማርኛ ደግሞ የገበያ ነው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከደመላሽ ገዛ።»

ገዛሁ ሊል ነው ብሎ አሰበ ረታ። ደመላሽን አስጠራ፤ ጨው ነጋዴ ነው፣ የጀላሉ ጎረቤት። ምንም አልሸጥኩለትም ብሎ መስቀል መትቶ ማለ።

በማግስቱ እስረኛው እንደገና ተጠየቀ። አብረውት ካደሩት እስረኞች አንድ ሁለት ቃል ለቅሟል።

«ከደመላሽ ቤት ተሸክሜ ወጣሁ። አድርስ አለኝ።»

ረታ ሳቀ። «ትናንት ገዛህ፣ ዛሬ ተሸከምክ። ነገ ደግሞ አበቀልኩት በለኝ።»

ቃሉን የሚለዋውጥ ሰው ሌባ ነው አለ። ፍርድ ቤት እንዲላክ አዘዘ።

ያሳደጉት አያቱ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ብርድ ልብስ ታቅፈው የጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። ደረቱ እኮ ደካማ ነው፣ መሬት ላይ ነው የሚያድረው፣ በልቷል ወይ እያሉ ዘበኛውን አሰልችተውታል። ረታ ብቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ወደይ» አሉት እንደ ልጃቸው፤ «ልጄን ስጠኝ። ወደ ገዛ ልውሰደው።»

«ምን ሊገዛ ነው እማማ?»

«ገዛ ነው የምልህ። ጣራ ያለው፣ በር ያለው። አንተ የምታድረው ሜዳ ላይ ነው?»

ረታ ቃሉን በአፉ ደገመው። ከደመላሽ ገዛ። ከደመላሽ ቤት። እስረኛው ሁለቴም የተናገረው አንድ ነገር ነው። ደመላሽም በሐሰት አልማለም፤ አልሸጠለትማ።

ቤቱ ተፈተሸ። በጥድፊያ የተረሳ አንድ እርካብ ከጨው ክምሩ ሥር ወጣ። ደመላሽ ብዙ አልተከራከረም። ለሠርጉ ኮርቻውን አውሰኝ ቢለው፣ ጀላሉ በሰው ፊት «አንተን አህያም ይበዛብሃል» ብሎት ኖሯል። በንዴት ሰረቀው፤ ፍርሃት ሲይዘው ውቅሮ ላለ ዘመዱ እንዲያደርስለት ምንም ለማያውቅ ተሸካሚ አሸከመው።

ወልደጊዮርጊስ ሲለቀቅ አያቱ መጀመሪያ ግንባሩን ዳሰሱ። ትኩሳት የለውም። ተመስገን አሉ፤ ብርድ ልብሱን ግን በጠራራው ፀሐይ ደረቡለት።

ረታ በሩ ድረስ ሸኛቸው። «በሉ፣ ወደ ገዛችሁ ግቡ» አለ።

አስካለማርያም ዞር ብለው አዩት።

«እንግባ። ነገ ደግሞ ምን ገዛችሁ ብለህ እንዳትመጣብን።»