ኮፍያ የደፉ ፊደላት

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃው፣ ፎቶ አንሺው፣ ቴክኒሻኗና አራሚው። ሦስቱ የሆነውን ነገር ያውቃሉ። አራሚው ብቻ አያውቅም።

ቢሮው የከተማ ወሬና የሥራ ማስታወቂያ በድረ ገጽ የሚያወጣ ትንሽ ቢሮ ነው። የአራሚው ሥራ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ፣ የተሳሳተውን ማቃናት፣ ከዚያ «አንብቤዋለሁ፤ ስህተት የለበትም፤ ይለፍ» ብሎ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። እሱ ከተጫነ በኋላ የሌላ ሰው እጅ አይገባበትም፤ ጽሑፉ በቀጥታ አደባባይ ይወጣል።

ፊደልን ጠንቅቆ ያወቀው በአጎቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ መጻፊያ ቤት ነው። እዚያ አንድ ፊደል የሳተ ሰው ሰሌዳውን ፍቆ እንደገና ይቀባል፤ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊደል አይስትም። ትምህርቱ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህን ለማንም አልተናገረም። አለቃው የፈተና ጽሑፍ ሰጡት፤ አንድ ግድፈት ሳያስቀር አርሞ መለሰላቸውና የዚያኑ ቀን ተቀጠረ። ማስረጃ የጠየቀው የለም። ሰዎች እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ሲያወሩ እንደገባው ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። መነቅነቅ ለምዷል።

ቴክኒሻኗን ያወቃት ኮምፒውተሩን ልትሠራለት የመጣች ቀን ነው። ወንበሩን ለቀቀላትና ሌላ ወንበር ሳይፈልግ አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሥራዋን ጨርሳ ዞር ስትል አየችው።

«ግድግዳው እንዳይወድቅ ነው?» አለችው።

ሊስቅ ፈልጎ ሳል መጣበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዳት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየው ግን ጫማዋን ነው። ሦስት ጥንድ ጫማ እንዳላት፣ የቡናማው ማሰሪያ በቅርቡ እንደተቀየረ ያውቃል። ስለ ዐይኗ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ባለፈው ዓርብ ሥራ ሊያልቅ ሲል አንድ ጽሑፍ በቴክኒሻኗ ስም ደረሰው። እሷ ጽሑፍ ልካ አታውቅም። ፈጥኖ ከፈተው። ገጹ ከላይ እስከ ታች የባዕድ ፊደል ነበር። ጭረት የተጫነባቸው፣ ኮፍያ የደፉ የፈረንጅ ፊደላት፣ አልፎ አልፎም የገንዘብ ምልክት የመሰለ ነገር። የሚያውቃት አንዲት ቃል የለችም።

ፈረንሳይኛ ነው ብሎ አሰበ። የተማረ ሰው የሚያነበው ነገር ነው። ተነሥቶ «ይሄን ማንበብ አልቻልኩም» ቢላት ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር። ግን የሚከተለው ጥያቄ ታየው፤ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው የተማርከው? ለሌላ ሰው ምናልባት ይመልስ ነበር። ለእሷ ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። እንደ ልማዱ «አንብቤዋለሁ፤ ስህተት የለበትም፤ ይለፍ» ብሎ ጻፈ። ቁልፏን ተጫነ። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ሰኞ ገና ከበሩ ሲገባ ፎቶ አንሺው ብድግ ብሎ እጅ ነሣው።

«አንተ ዝምተኛ! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ላንተ ነው ለካ።»

አራሚው እንደ ልማዱ አንገቱን ነቀነቀና ተቀመጠ። ወዲያው ጠረጴዛው አጠገብ ጫማ ቆመ። ቡናማው ነው።

«ይሄን ያህል ምን አድርጌህ ነው?» አለች ቴክኒሻኗ።

ስህተት ያለበት ጽሑፍ ያሳለፈ መሰለው።

«ያመለጠኝ ስህተት ካለ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ለጫማዋ።

«ስህተቱስ የኔ ነው» አለች። ጫማው ዞረ፤ በሩ ተዘጋ።

ነገሩን ያስረዳው ፎቶ አንሺው ነው። ደብዳቤ ነበር፤ የፍቅር ደብዳቤ፣ ለእሱ የተጻፈ። ቅዳሜና እሁድ ከተማው ሁሉ ሲያነበው ሰነበተ። የቴክኒሻኗ ጎረቤት ልጅ ለእናቷ ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል አሉ። ፎቶ አንሺው እያወራ ሲሄድ ሳቁ እየቀነሰ መጣ፤ በመጨረሻም አንብቤዋለሁ ብለህ አይደል ያሳለፍከው፣ እኔስ ቀልድ እወዳለሁ፣ ይሄ ግን ቀልድ አይደለም አለው።

አራሚው ገጹን ከፈተ። በእሱ ኮምፒውተር አሁንም እነዚያው ኮፍያ የደፉ ፊደላት ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አለቃው ደብዳቤውን ከአደባባይ አወረዱት። ነገር ግን ስልክ መደወሉን አላቆመም። አንዱ አንባቢ በቻይንኛ መጻፍ ጀመራችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላዋ ስልኬ ተበላሸ ብላ ተማረረች። ደብዳቤው ቴክኒሻኗ ባዘጋጀችው አዲስ የጽሑፍ መቀበያ የተላከ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነበር፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ጽሑፍ በዚያ ሊላክ ነው። አለቃው ወጥተው ቴክኒሻኗን ከደረጃው ላይ አመጧት።

«ልጄ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል» አሏት። «ግን ይሄ ነገር አንዱ ጋ ይነበባል፣ ሌላው ጋ አይነበብም። ምክንያቱን ፈልጊልኝ።»

መሞከሪያ አድርጋ የምትከፍተው ያንኑ ደብዳቤ ነበር፤ ሌላ የለም። ከአለቃው ኮምፒውተር ጀመረች። ጥርት ብሎ ተነበበ፤ አለቃው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩላት። በፎቶ አንሺው ኮምፒውተር በሁለት የገጽ መክፈቻ ብራውዘር ሞከረች፤ በሁለቱም ተነበበ። የቀረው የአራሚው ነው። ከቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ አሮጌው እሱ ነው፤ ብራውዘሩም የዱሮ ነው።

አራሚው ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። አጥፍቶ ተበላሸ ቢል አላነበበም የሚል አይኖርም። ጨካኝ ይባላል እንጂ ያልተማረ አይባልም። ቡናማው ጫማ እየቀረበ መጣ። ጣቱን አነሣ። ወንበሩን ለቀቀላትና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ገጹን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዓርብም እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር።»

«አላነበብከውም ማለት ነው?»

«አላነበብኩትም።»

«ታዲያ አንብቤዋለሁ ብለህ ለምን ጻፍክ?»

አለቃው ቀና አሉ፤ ፎቶ አንሺውም። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር። ግን እሷ በሰው ሁሉ ፊት አፍራ፣ እሱ የራሱን በሹክሹክታ ሊናገር አይገባም።

«ፈረንሳይኛ መሰለኝ» አለ። ፎቶ አንሺው ሳቅ አመለጠው፤ አብሮት የሳቀ ስላልነበር ተወው። «ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አልችልም ብል ትንቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ። የራሴን ኀፍረት ልሸፍን ብዬ አንቺን አዋረድኩሽ... ጋሼ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ። ያላነበብኩትን አንብቤዋለሁ ብያለሁ።»

አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ለአራሚ ከዚህ የባሰ ጥፋት እንደሌለ፣ ሁለተኛ ቢያዩት እንደማያልፉት ተናገሩ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቴክኒሻኗ ግን አሁንም ኮምፒውተሩን ሳይሆን እሱን እያየች ነበር።

«ፈረንሳይኛ አይደለም» አለችው። «የራሳችን ፊደል ነው። ገጹ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ አናቱ ላይ መንገር ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ካልነገሩት ብራውዘሩ ይገምታል። የነሱ ገምቶ አገኘ፣ ያንተ ገምቶ ሳተ። ይሄን ፕሮፌሰር ቢመጣም አያነበውም።»

ከገጹ አናት ላይ አንዲት መስመር ጨመረች። ገጹን እንደገና ከፈተችው። ኮፍያዎቹ ጠፉ፤ ፊደሉ በየቦታው ተቀመጠ። ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችለት፤ አሁን ግድግዳውን የተደገፈችው እሷ ናት።

እንደ ሁልጊዜው ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበ።

«ለአራሚው። በአካል ብነግርህ ትሸሻለህ ብዬ ነው በዚህ የላክሁት፤ የተላከልህን ሁሉ እስከ መጨረሻው እንደምታነብ አውቃለሁ። አንዲት ነጥብ አታመልጥህም፤ እኔን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ብለህ አታየኝም። እኔ እወድሃለሁ። አንተ ካልሆነልህ ሰርዘው። ካንተና ከኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ከዚያ ቀና አለ። ዐይኗ ከልቅሶ የተነሣ ቀልቷል፤ የግራው ከቀኙ ትንሽ ያንሳል።

«ሰርዘው ብለሽ ነበር» አለ። «አልሰርዘውም።»

«ስህተትስ የለበትም?»

«አንድ አለ። ቀና ብለህ አታየኝም የሚለው... እሱ ከዛሬ ጀምሮ ልክ አይደለም።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

በማግስቱ ቢሮው ለአንባቢዎቹ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጽሑፉን አራሚው ሦስት ጊዜ አንብቦ አሳለፈው። በወሩ የማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ገባ። እናቷ ስድስት ወር አላናገሩትም። በዓመቱ ተጋቡ። ፎቶውን ያነሣው ፎቶ አንሺው ነው።