ስክሪኑን የሞላው ፎቶ

ዲያቆን አራጋው ከገደሉ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ እግሩ ላይ የነበረው እናቱ በዚያው ጠዋት ከቅዳሜ ገበያ የገዙለት አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ ነው። ሲወድቅ ያየው የለም። ሆኖም ለቅሶው ሳይበርድ «ራሱን ወርውሮ ነው» የሚል ወሬ ላሊበላን አዳረሰ። መምሬ እንዳለውና ሌሎቹ የደብሩ ካህናትም፣ ማን አለ ብለው መጠየቅ አቅቷቸው፣ ፍትሐት ከለከሉት።

እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ ዝም የሚሉ ሴት አልነበሩም። ፖሊስ ጣቢያ እየተመላለሱ ስለጮኹ፣ የአርባው ተዝካር ሲቃረብ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ቤታቸው መጣች።

«ገዳዩ ይቅርብኝ፤ ልጄ ራሱን አለመግደሉን ብቻ አረጋግጪልኝ» አሏት። «እንደ ውሻ ያለ ፍትሐት ነው ያስቀበሩብኝ!»

ዓይናዲስ በመጀመሪያ ያነጋገረችው በእርሻ ድንበር ከሟቹ ጋር የተጣላውን ጎረቤት፣ ምስጋኑን ነበር።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ያን ቅዳሜ ግን ኩልመስክ ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። አገር ያየኝን ይጠይቁ!»

ብትጠይቅ እውነቱን ነው።

ቀጥላ ወደ በእውቀቱ ፎቶ ቤት ሄደች። በእውቀቱ የሟቹ እህት የእየሩስ እጮኛ ነው፤ ለተዝካሩ የአራጋውን ፎቶዎች እየደረደረ ቪዲዮ ይሠራል። እየሩስ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ያን ቀን አራጋውን አይተኸው ነበር?» አለችው ዓይናዲስ።

«የት አይቼው! ቀኑን ሙሉ ከዚህ አልወጣሁም። ሰሞኑን ግን ከፍቶት ነበር፤ ለመምሬ እንዳለውም ነግሬያቸዋለሁ።»

ወሬው የተፈለፈለበት ጎጆ ይኸው! ዓይናዲስ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«የፎቶው ግራና ቀኝ ለምን ጠቆረ?»

«ፎቶው ቁመቱ ይረዝማል፣ ስክሪኑ ጎኑ ይሰፋል። ሙሉውን ካስገባሁት ጎኑ ባዶ ይቀራል። አሳድጌ ስክሪኑን ልሙላ ካልኩ ደግሞ ራስና እግር ይቀራል። እዚህ የሟች እግር ቢቆርጡ ቤተሰቡ አይለቅዎትም፤ እኔ ቆርጬ አላውቅም።»

«ፎቶዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች እየሩስ። «የመጨረሻዋን እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘኋት። ደህና የሳቀው እሷ ላይ ብቻ ነው።»

«የድሮ ናት» አለ በእውቀቱ ፈጠን ብሎ። «ለጥምቀት ያነሳኋት።»

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ በሰው ሞላ። መምሬ እንዳለውም ለይሉኝታ መጥተዋል። ከበእውቀቱ ኮምፒውተር ጋር በተያያዘው ቴሌቪዥን የአራጋው ፎቶዎች ዳር ዳራቸው እንደጠቆረ አለፉ። የመጨረሻው ግን ስክሪኑን ግጥም አድርጎ ሞላ፤ አራጋው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከጉልበቱ በታች አይታይም።

«አቁመው!» አለች ዓይናዲስ ተነሥታ። «እግር ቆርጬ አላውቅም ብለኸኝ ነበር። ይህችን ለምን ቆረጥክ?»

«ለ... ለማሳመር ነው።»

«የሠራህበትን ፕሮግራም ክፈትና አሳንሳት።»

«አይሆንም፤ ተቆርጦ ጠፍቷል።»

«አልጠፋም! ከስክሪኑ አስወጣኸው እንጂ ሙሉው ፎቶ ከሥር አለ። አሳንሳት አልኩህ!»

በእውቀቱ ኮምፒውተሩን ሊዘጋው ሲል እየሩስ ማውሱን ነጠቀችው። ፎቶው ሲያንስ ግራና ቀኙ ጠቆረ፤ ከታች ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም አረንጓዴ ኮንጎ ብቅ አለ።

«ወየው ልጄን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ትርንጎ። «የዚያን ለት የገዛሁለት ነው!»

«ጠዋት የተገዛ ጫማ ነው፤ ማታ ሬሳው ላይ ተገኘ» አለች ዓይናዲስ። «ስለዚህ ፎቶው የተነሣው ለጥምቀት ሳይሆን በሞተበት ቀን ነው። አነሣሁት ያለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፎቶ ቤቱ ያልወጣው ሰው! የካሜራውን ፎቶ ሁሉ እንደ ልማዱ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ነበር። እየሩስ ስትመርጣት እምቢ ማለት ስላስፈራው እግሩን ከስክሪን አስወጣ።»

«ምን በድሎት ይገድለዋል?» አሉ መምሬ።

«በእውቀቱ ወደመጣበት ከተማ፣ ወደ ወገል ጤና ደውዬ ነበር። እዚያ ሚስትና ልጅ አለው። አራጋው ደርሶበታል።»

«ለእየሩስ ልነግራት ነው አለኝ!» አለ በእውቀቱ። «ፎቶ ላንሣህና እንነጋገራለን ብዬ ወሰድኩት... ገፋሁት።»

እየሩስ በጥፊ አጮለችው። ቀለበቷን አውልቃ ፊቱ ላይ ወረወረች። ከዓይናዲስ ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

መምሬ እንዳለው ተነሥተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ...» ሲሉ ወይዘሮ ትርንጎ አላስጨረሷቸውም።

«ማጽናናቱ ይቆይ! የነፍሰ ገዳይ ወሬ ሰምተው ልጄን ከልክለውታል። አሁን መጽሐፍዎን ይያዙና ወደ መቃብሩ ይቅደሙ፤ ፍትሐቱን ቆሜ እሰማለሁ።»

መምሬ መጽሐፋቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተከተላቸው።