የስለት ሰው ደም

እስቲ መልሱ፦ አንዲት እናት የገዛ ልጇን ስም ስትረሳ ብታዩ ምን ትላላችሁ? «ጃጀች» ብላችሁ ትስቃላችሁ? ወይስ ይባስ ብላችሁ «ተባረከች» እያላችሁ እጇን ትስማላችሁ?

ሱዳን ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩባት ሀዋታ ላይ የሆነው ሁለተኛው ነው። ሳቁ ይሻል ነበር። የሚሳቅበት ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ ይሆናል። እጁ የሚሳመውን ሰው ግን ማን ይወስደዋል?

እናኑ ሰሊጥ አበጣሪ ነበረች። ራሃድ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነፋስ እየጠበቀች ሰሊጥ ወደ ላይ ስትበትን፣ ገለባው ሲሄድ ፍሬው እግሯ ሥር ሲወርድ ኖራለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልጇ አስናቀው በሊቢያ በረሃ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ወጣ። «ደርሼ እደውላለሁ፣ እማ» አለ። አልደወለም። ዓመቱ ሲሞላ እናኑ ተሳለች፦ የልጇን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የራሃድ ዓሣም ቢሆን በአፏ አይዞርም። ፋሲካ ሲሆን ጾመኛው ሁሉ ይፈታል፤ እሷ አትፈታም። ስልኳን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። ጎረቤቷ ሻይ ሻጯ ዙሌካ በየማለዳው በወተት የፈላ ሻይ ታቀርብላታለች፤ እናኑም በየማለዳው ፈገግ ብላ ትመልስላታለች።

«ገና ነው፣ ዙሌካዬ።»

ጥቂት ዓመታት ምንም አልሆነችም። ከዚያ መሬቱ ለሰለሰ። ስትራመድ እግሯ የጥጥ ክምር ላይ የሚያርፍ ይመስላት ጀመር። ምላሷ ልሙጥ ሆኖ ያቃጥላታል፤ ፊቷ እንደ ሰም ገረጣ። ቀኖቹ ጠርዝ አጡ፤ ማለዳው ከቀትር፣ ቀትሩ ከማታ ጋር ተቀላቀለ። ሰሊጥ ስትበትን ፍሬው የማይወርድ ይመስላታል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ንብ መንጋ ሲዞር ታየዋለች። ሌሎቹ አበጥረው ወደ ቤታቸው ሲገቡ እሷ ገና አንጋጣ ቆማለች። ደስ ይላት ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ደስ ይላት ነበር።

«እናኑ መሬት ሳትነካ ነው የምትሄደው» አሉ ሴቶቹ። ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የሚመጡት ሠራተኞች ማጭዳቸውን እንድትነካላቸው ይሰለፉ ጀመር። ስማቸውን ብትስት፣ መንገድ ብትስት፣ ሰላምታ ሳትመልስ ብታልፍ ሁሉም ምስጢር ሆነ። የእድሩ ሊቀመንበር ባዬ ደግሞ ነገሩን አሳመረው፦ «የዚህ ዓለም ስም እየተራገፈላት ነው።»

ሴት ልጇ ሐመልማል ግን አንድ ቀን እናቷ ጨው መስሏት የልብስ ሳሙና ዱቄት ወጥ ውስጥ ስትጨምር ደረሰችባት። በዚያው ሳምንት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ እድሩ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ተነስታ ተናገረች።

«ጋሼ ባዬ፣ እማን ገዳሪፍ ወስጄ ፈሕስ ላሠራላት ነው። የደም ምርመራ።»

«የደም?» ባዬ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። «የስለት ሰው ደም ይቀዳል እንዴ?»

«ለምን አይቀዳም?»

«የሷ አይደለማ! ለአምላኳ የሰጠችውን አንቺ በብልቃጥ ቀድተሽ ለማንም ወጠጤ ሐኪም ታስረክቢያለሽ?»

«ጋሼ፣ ትናንት ወጥ ውስጥ ሳሙና ጨምራለች!»

«እና በላችሁት?»

«አልበላነውም!»

«እንግዲያው ምን ሆንሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ድምፁን አለሰለሰ። «አንቺ እዚህ ተወልደሽ ነው እንጂ ይገባሽ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«ኸላስ፣ በቃ! እሷኑ ጠይቋት።»

ጠየቋት። ለእናኑ የሰዎቹ ድምፅ ከራሃድ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ቀስ ብላ አሰበችና፣ «ደሜን ከሰጠሁ ልጄ አይመጣም?» አለች።

«አይመጣም» አለ ባዬ።

ይህችን አንዲት ቃል ያዙልኝ። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ምስክር፣ ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «አይመጣም» አለ። እናኑም «እንግዲያው አልሰጥም» አለች። ጉባኤውም አጨበጨበ።

ኅዳር ላይ፣ የሰሊጡ ነዶ ተደጋግፎ ሜዳው ላይ በቆመበት ቀትር፣ አንገቷ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ ኔትወርክ የሚመጣው እንዳሻው ነበር፤ ያን ቀን መጣ።

«ሄሎ? እማ?»

ድምፁ ከውሃ ሥር የሚወጣ መሰላት። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ! አስናቀው!»

እናኑ ስሙን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። ደስ የሚል ስም ነው። አንድ ቦታ የሰማችው፣ በሕልም ይሁን በሰርግ ቤት፣ ሰዎች በዘፈን የጠሩት ስም መሰላት።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«እማ፣ አትቀልጂብኝ። በሰው ስልክ ነው የደወልኩ፣ ጊዜ የለኝም። የእናኑ ልጅ! ያንቺ!»

«ተሳስተሃል፣ የኔ ልጅ» አለችው በርኅራኄ። «እናትህ ትጨነቃለች። ፈልገህ ደውልላት።»

ዘጋችው። ዘግታም ለዚያ ለማታውቀው ልጅ እናት ጸለየች።

ማታ ለሐመልማል እንደ ወሬ ነገረቻት። «አንድ ምስኪን እናቱን አጥቶ ይደውላል። አስናቀው ነኝ አለ።» ሐመልማል ስልኩን ከእናቷ አንገት ላይ ነጠቀች። ቁጥሩ የሊቢያ ነበር። መልሳ ስትደውል በዐረብኛ የመለሰላት የማታውቀው ሰው ነው፦ ልጁ ስልክ ተውሶት ነበር፣ ካወራ በኋላ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ሄደ። ወዴት? ሰውየው አያውቅም።

ሐመልማል ከዚያ በኋላ ማንንም አላስፈቀደችም። በነጋታው እናቷን አውቶቡስ ላይ አሳፈረቻት። እናኑ በመስኮቱ በኩል ሜዳው ሲፈስ እያየች ገዳሪፍ ደረሰች፤ መኪናው የቆመ፣ ምድሪቱ የምትሄድ ይመስላት ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ወጣት ክንዷን በላስቲክ አሰረች። ደሙ ሲወጣ ቀጭን ነበር፣ ውሃ የበዛበት የከርከዴ ሻይ የመሰለ።

«ይኸው» አለች እናኑ። «አሁን ልጄ አይመጣም።»

«መጥቶ ነበር፣ እማ» አለች ሐመልማል።

ሐኪሙ ሰልማን እዚያው ገዳሪፍ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደ ነው። ውጤቱ በአራተኛው ቀን ሲመጣ ወረቀቱን አንብቦ፣ «እማማ ምን ይበላሉ?» ሲል ጠየቀ። ሐመልማል ስለቱን ነገረችው። ሰልማን ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አለ። ሰውነት ደም የሚሠራበት፣ ነርቭ የሚጠብቅበት ነው። ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ይገኛል። ጉበት ለጥቂት ዓመታት ያከማቸዋል። ሲያልቅ ደም ያንሳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይረሳል። የእማማ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።»

«ጾሙ ነዋ የጎዳት?»

«ጾምማ ይፈታል። ይኼ ሳይፈታ ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ትድናለች?»

«መርፌው ብዙ ይመልሳል፤ ሁሉንም ብዬ ግን አልዋሽሽም። የረሳ ሰው ሁሉ ደግሞ ይኼ አይደለም ያለበት። መድኃኒት የሌለው መርሳትም አለ፣ የደም ምርመራም ሁሉን አይናገርም። ግን የደም ማነስን፣ የስኳርን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ ይኼን የቫይታሚን እጥረት ይናገራል። እነዚህ ይታከማሉ። ቶሎ ከተመጣ።» «በክረምቱ ብትመጡ ኖሮ ደግ ነበር።»

በክረምቱ! በክረምቱማ ጉባኤው እያጨበጨበ ነበር።

መርፌውን መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ኋላ በየሳምንቱ ተወጋች። ከገና በኋላ አንድ ረፋድ እናኑ ሰሊጥ ወደ ላይ በተነች። ፍሬው ወረደ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ሸራው ላይ ሲንኳኳ ሰማችው። ሁለተኛ በተነች፤ አሁንም ወረደ። ሦስተኛውን ልትበትን ሰፌዱን እንዳነሳች ቆመች።

«አስናቀው» አለች።

ስሙ ብቻውን አልመጣም። የቀትሩ ስልክ ተከትሎት መጣ። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ያለችው የራሷ ድምፅ መጣ። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ሜዳ ሙሉ አበጣሪ ጩኸቷን ሰምቶ ሥራ አቆመ። ያ ሁሉ ሕልም የሸፈነላትን ነገር አንድ ረፋድ ገለጠባት። መዳን እንዲህም ያማል። ቢሆንም ልጇን የምታውቅ እናት እንደገና አለች።

ሐመልማል ደግፋ ዙሌካ ዘንድ አስቀመጠቻት። «ድምፁን እስክሰማ ብለሽ አልነበር የተሳልሽው? ሰምተሽዋል፣ እማ። ስለትሽ ደርሷል።» ዙሌካ በወተት የፈላ ሻይ አቀረበች። እናኑ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋን እያፈሰሰችበት እስከ አተላው ጠጣችው።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ባዬ እናኑ በትር ተደግፋ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ አይቶ እጁን ዘረጋ። «ተመልከቱ! ጸሎታችን መለሳት!»

«ጸሎትህን አልነቅፍም፣ ባዬ» አለች እናኑ። አልተቀመጠችም። ስልኳ አንገቷ ላይ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ ተንጠልጥሏል። «እዚሁ ዛፍ ሥር፣ ደሜን ከሰጠሁ ልጄ እንደማይመጣ ነገርከኝ። እኔም አመንኩህ። ልጄ መጣ። ያልነበርኩት እኔ ነኝ።»

አንዱ «እትዬ እናኑ፣ ይኼ በሽማግሌ ይታይ» ሲል ጀመረ።

«በሽማግሌ አይታይም! እናንተም አጨብጭባችኋል።» ወደ ባዬ ዞረች። «ይህ ስልክ ዛሬ ወይ ነገ ይጮህ ይሆናል፤ ላይጮህም ይችላል። ከጮኸ ልጄ 'ለምን ካድሽኝ' ይለኛል። የስለት ሰው ደም አይመረመርም የሚለውን የት ተጽፎ አነበብከው? ማን ነገረህ? ጓዳ ገብተህ አይደለም፣ በመልእክተኛም አይደለም። የሳቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያጨበጨበው ሰው ሁሉ እያየ፣ እዚሁ ቆመህ መልስልኝ!»